ሪከርድ ያለበት ሰው ነርስ ለመሆን ሲነሣ፦ ከሰሜን ሸዋ ሆኖ ወረቀቱን በምን ቅደም ተከተል ይያዝ?

«የወንጀል ሪከርድ ያለበት ሰው ነርስ መሆን ይችላል ወይ?» ሲባል አዎም ሆነ አይ ብሎ ፈጥኖ የሚመልስ ሰው አንድ ነገር ዘንግቷል። ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። ኮሌጁ የሚያየው ሌላ፣ የሙያ ፈቃድ ሰጪው የሚያየው ሌላ፣ ቀጣሪው የሚያየው ሌላ። አራት ዓመት ተምሮ፣ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) አልፎ፣ ላይሰንሱን ይዞ ሲያበቃ ሰው ሀብት ክፍል «አሻራ አምጣ» (በጣት አሻራ የሚወጣውን የፖሊስ ማስረጃ ማለቱ ነው) ሲለው የሚደነግጥ ሰው ሦስቱን በር እንደ አንድ በር ቆጥሮ የመጣ ነው። ሪከርድ አጥብቆ የሚይዘው በመጀመሪያው በር አይደለም፤ በመጨረሻው ነው። ስለዚህ ዝግጅቱም ከመጨረሻው መጀመር አለበት። ለቅጥር የሚጠየቀውን ወረቀት ማስተካከል የሚጀመረው ገና ኮሌጅ ሳይመዘገቡ ነው።

ይህ የተጻፈው ለሰሜን ሸዋ ሰው ነው፤ ለደብረ ብርሃን፣ ለመንዝ፣ ለመርሐቤቴ፣ ለይፋት፣ ለቡልጋ፣ ለምንጃር። የወንጀል ሕጉ በመላ አገሪቱ አንድ ቢሆንም፣ የሚኬድበት ቢሮና ወረቀት የሚጠፋበት ቦታ ግን እንደየአገሩ ነው።

ፍርዱን ማንበብ

ብዙ ሰው የታሰረበትን ጊዜ ያውቃል እንጂ የተፈረደበትን አያውቅም። «በጠብ ነው፤ ሁለት ዓመት» ይላል። ምን ዓይነት ሁለት ዓመት? በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ በልዩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ጽኑ እስራት ደግሞ ከ1 ዓመት ተነሥቶ እስከ 25 ዓመት ይሄዳል። ሁለቱ ከታች ስለሚደራረቡ የዓመቱ ቁጥር ብቻውን የቅጣቱን ዓይነት አይናገርም። ሁለት ዓመት ቀላልም ጽኑም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ እስር ቤት ውስጥ እያሉ ብዙ ላይታይ ይችላል፤ ከወጡ በኋላ ግን ፍርዱን ለማሰረዝ ሁለት ዓመት ወይም አምስት ዓመት የሚያስጠብቀው ይኸው ልዩነት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የውሳኔውን ሙሉ ግልባጭ ማውጣት ነው። ፍርዱን ወደ ሰጠው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሄደው የመዝገብ ቁጥሩን ይሰጣሉ። ቁጥሩ ከጠፋብዎት ስምና ዓመተ ምሕረቱን ይናገሩ፤ ከተከሳሾች ዝርዝር ይፈለጋል፤ ጊዜ ይወስዳል። የጥፋተኝነት ውሳኔውንና የቅጣት ውሳኔውን ሁለቱንም ይጠይቁ። አንዱን ብቻ ይዞ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያ ለአንዲት ገጽ ሲል ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ እንደገና ይመጣል። ግልባጩ ገጽ በገጽ የፍርድ ቤቱ ማህተም ያረፈበት ይሁን። ያለ ማህተም ፎቶ ኮፒ የትም ቦታ አይሠራም።

ግልባጩ እጅዎ ሲገባ አንድ በአንድ የሚፈልጉት አለ። የተጠቀሰው አንቀጽ ስንት ነው? እስራቱ ቀላል ነው ወይስ ጽኑ? መቀጮ ወይም ለተበዳይ የሚከፈል ካሳ አለበት? ቅጣቱ በገደብ ነው? ከሁሉ በላይ ግን «ከሕዝባዊ መብቱ ተሽሯል» የሚል ወይም ሙያን ከመሥራት የሚከለክል ተጨማሪ ቅጣት እንዳለ ይዩ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ሙያ ወይም ንግድ ከመሥራት እንዲከለክለው ይፈቅዳል፤ ክልከላው ለጊዜው የተወሰነ እንደሆነ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ነው። ይህች መስመር ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከዓመቱ ቁጥር ቀጥላ ትገባለች፤ ፍርዱ ሲነበብ ሰው ዓመቱን ሰምቶ ስለሚደነግጥ አያዳምጣትም። የሙያ ክልከላ ካለ ጊዜው ሳያልቅ ማንም ፈቃድ ሰጪ ሊያልፈው አይችልም።

በገደብ የተለቀቀ ሰው «እኔ አልታሰርኩም፤ ሪከርድ የለብኝም» ብሎ ያስባል። ተሳስቷል። ገደብ ማለት ቅጣቱ እንዳይፈጸም ለጊዜው መታገዱ ነው፤ ጥፋተኛ መባሉ ግን በመዝገብ ላይ ነው። በአንጻሩ በጥርጣሬ ተይዞ ያለ ክስ የተለቀቀ፣ ወይም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታስሮ ክስ ሳይመሠረትበት የወጣ፣ ወይም በነፃ የተሰናበተ ሰው ፍርድ የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው የሚሰረዝለት ፍርድ ስለሌለው ወደሚቀጥሉት ነገሮች መግባት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው በነፃ የተሰናበተበትን ወይም መዝገቡ የተዘጋበትን ውሳኔ ይዞ ለፖሊስ ማቅረብ፣ የተያዘበት ምዝገባ ሳይዘጋ ቀርቶ እንደሆነ እንዲዘጋለት ማድረግ ነው።

የትኛው ፍርድ ቤት?

እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ሰው በሁለት ነገር ይሳሳታል።

አንደኛው ሸዋ ሮቢት ነው። ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት የታሰረ ሰው ጉዳዩ የሰሜን ሸዋ ይመስለዋል። ማረሚያ ቤቱ የፌዴራል ነው፤ ብዙዎቹ ታራሚዎች የተፈረደባቸው አዲስ አበባ ነው። የታሰሩበት ቦታ ሳይሆን ፍርዱን የሰጠው ችሎት ነው ጉዳዩን የሚወስነው። ልደታ የተፈረደበት ሰው ደብረ ብርሃን ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከቻ ቢያስገባ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ይመለሳል፤ ወራቱም በከንቱ ያልፋል። ከሸዋ ሮቢት የሚፈለገው የመፈታት ማስረጃው ነው፦ የገቡበት ቀን፣ የወጡበት ቀንና የወጡበት ምክንያት የተጻፈበት።

ሁለተኛው የስሙ ነገር ነው። ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው፤ የእኛው በአማራ ክልል፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን፤ ሌላው በኦሮሚያ ክልል፣ መቀመጫው ፍቼ። «ሰሜን ሸዋ ዞን» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ወደ ሌላኛው ሄዶ ሊያርፍ ይችላል። በማንኛውም ማመልከቻ ላይ ክልሉን አስቀድመው ይጻፉ።

መዝገብ የጠፋበትም ሰው አለ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ ከዚያም በ2014 ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰበት ጊዜ ሰውም ቢሮም ተጎድቷል። መዝገብዎ ከጠፋ «የለም» የሚል የቃል መልስ ይዘው አይመለሱ፤ በደብዳቤ ይጻፍልኝ ይበሉ። ከዚያ ቅጂውን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ይግባኝ ተብሎ ከነበረ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ የሥር ውሳኔው ግልባጭ አለ፤ ዐቃቤ ሕግም መዝገብ ይይዛል፤ ማረሚያ ቤቱም ሰውን የሚቀበለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለሆነ በግል ማኅደርዎ ውስጥ የቅጣት ትእዛዙ ይኖራል።

ስለ ስም አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ «ኃ/ማርያም»፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ «ኃይለማርያም»፣ መታወቂያ ላይ «ሀይለማሪያም» ተብሎ የተጻፈ ሰው ከሦስት ሰው ተቆጥሮ ይጉላላል። የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም የሚለያይበትም ብዙ ነው። ሁሉም የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ቀደም ብለው ያሠሩ። «ስሜን ብቀይርስ፣ ሪከርዱ ይጠፋል?» ለሚል መልሱ አጭር ነው፦ የሚመረመረው ጣት ነው፤ ጣት ስም አይቀይርም።

እንዴት ወጡ?

አራት ሰዎች በአንድ ቀን ከአንድ ማረሚያ ቤት ቢወጡም በሕግ ፊት አራት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ቅጣቱን ጨርሶ የወጣ አለ፤ በአመክሮ የወጣ አለ፤ በይቅርታ የወጣ አለ፤ በምሕረት የወጣ አለ። በሰፈር ሁሉም «ተፈታ» ይባላል።

ግራ የሚያጋባው ይቅርታና ምሕረት ነው፤ በተለምዶ ሁለቱን እንደ አንድ እንጠራቸዋለን። ይቅርታ ቅጣቱን ያነሣል ወይም ያሳንሳል እንጂ ፍርዱን አይሰርዝም፤ ጥፋተኛ መባሉ በመዝገብ እንደተጻፈ ይቆያል። በበዓል ቀን በይቅርታ የወጣ ሰው ሪከርዱ አብሮት ወጥቷል ማለት ነው። ምሕረት ግን ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ ያደርጋል፤ ከመዝገብም ያሰርዛል። በ2010 ዓ.ም. በወጣው የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096 የተጠቀመ ሰው ካለ የምሕረት ሰርተፊኬቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ይያዘው፤ አዋጁ የሰጠው ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ስለነበር ወረቀቱን በአዲስ ማመልከቻ እንደገና ማግኘት አይቻልም።

በአመክሮ የወጣ ሰው ደግሞ የአመክሮ ጊዜውን በመልካም መጨረሱን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገዋል። ይህን ወረቀት በወቅቱ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሲፈለግ ግን የሚያውቁት ሠራተኞች ተቀይረው ይገኛሉ።

ፍርዱን ማሰረዝ

የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ መሰየም የሚለው ነገር አለ። በተራ ቋንቋ፣ ቅጣቱን የጨረሰና ከዚያ ወዲህ በመልካም የኖረ ሰው ፍርዱ ተሰርዞለት እንደ ማንኛውም ሰው እንዲቆጠር ፍርድ ቤትን የሚጠይቅበት መንገድ ነው። ሕጉ ራሱ መብት አይደለም፤ የሚገባው ሰው የሚያገኘው ነው ይላል። ማለትም ዓመቱ ስለሞላ ብቻ በራሱ አይመጣም፤ ማመልከትና ማሳየት ያስፈልጋል። የሚገርመው ይህን መንገድ የማያውቅ ሰው መብዛቱ ነው፤ ሪከርድ ዕድሜ ልክ ነው ብሎ ያመነ ብዙ ሰው አለ።

ጊዜው ለጽኑ እስራት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለሌላው ቢያንስ 2 ዓመት ነው። የሚቆጠረው ከተፈረደበት ቀን ሳይሆን ቅጣቱ ካለቀበት ወይም በይቅርታ ከቀረበት ቀን ነው። ለምሳሌ በጽኑ እስራት ተቀጥቶ መጋቢት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨርሶ የወጣ ሰው መጋቢት 12 ቀን 2017 ላይ ይሞላለታል። ከዚያ በፊት የገባ ማመልከቻ በመደበኛው ውድቅ ይሆናል። ቀኑ ብቻ አይበቃም፦ ተጨማሪው ቅጣት ማለቅ አለበት፤ በመሐል በእስራት በሚያስቀጣ ወንጀል አለመፈረድ አለበት፤ መቀጮውና ካሳው እንደ አቅም መከፈል አለበት።

ማመልከቻ አብዝቶ የሚበላሽበት ይኸው ካሳ ነው። ሰው እስራቱን ስለጨረሰ ዕዳውንም የጨረሰ ይመስለዋል። የተበዳይ ቤተሰብ በሽምግልና ታርቆ ካሳውን ትቶ ከሆነ፣ ዕርቁ በወረቀት ካልሰፈረ ፍርድ ቤት የሚያየው ያልተከፈለ ገንዘብ ብቻ ነው። በእኛ አገር ጠብ በሽማግሌ ይበርዳል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ሽማግሌዎቹ ቃለ ጉባኤ ይያዙ፣ ተበዳይም «ካሳዬን ተቀብያለሁ» ወይም «ትቼለታለሁ» ብሎ ይፈርም። ሽማግሌ ያርፋል፤ ወረቀት ይቀራል። ከፍለው ከሆነ ደረሰኙን ያያይዙ። በአቅም ማጣት ያልከፈሉ ከሆነም ዝም አይበሉ፤ ምን ያህል እንደከፈሉና ለምን እንዳልጨረሱ ይጻፉ፤ ሕጉ የሚለው አቅም በፈቀደ መጠን ነው።

ማመልከቻው ራሱ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ አድራሻ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ውሳኔው የተሰጠበት ቀን፣ የተፈረደው ቅጣት፣ ያለቀበት ቀን፣ ከዚያ ወዲህ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ፣ በመጨረሻም የሚጠይቁት ዳኝነት፦ ፍርዱ እንዲሰረዝልኝና ከፖሊስ መዝገብ እንዲነሣልኝ። ነርስ መሆን እንደሚፈልጉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጥቀሱ፤ ዳኛው ለምን እንደሚያስፈልግዎት ማወቁ ይጠቅማል። ወንጀሉን እንደገና አይከራከሩ። «በሐሰት ተመስክሮብኝ ነው» የሚል ማመልከቻ የይግባኝ እንጂ የመሰየም አይደለም፤ ዳኛውንም ያርቃል።

አባሪዎቹ የውሳኔው ግልባጭ፣ የመፈታት ማስረጃ፣ የመቀጮና የካሳ ደረሰኝ፣ ከቀበሌ የመልካም ጠባይ ደብዳቤ፣ ከእድር ወይም ከሠሩበት ቦታ ደብዳቤ፣ ተማሪ ከሆኑ ከኮሌጁ ናቸው። ደብዳቤዎቹ «መልካም ሰው ነው» ብቻ ካሉ ብዙም አይረዱም፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁዎትና ምን ሲሠሩ እንዳዩ ይጻፍ። ጠበቃ የመክፈል አቅም ለሌለው፣ የሕግ ትምህርት ክፍል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ካለ ማመልከቻ ጸሐፊ በፊት እነሱን መጠየቅ ይሻላል። ጸሐፊዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሚያዘወትሩት የፍቺና የውርስ ጉዳይ ስለሆነ መሰየምን ከይግባኝ ጋር ያደባልቁታል።

ውሳኔው ሲገኝ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሥራው ግን አላለቀም። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ፖሊስ ዘንድ ደርሶ ምዝገባው እስካልተሰረዘ ድረስ በአሻራ ምርመራ ፍርዱ ይወጣል። የውሳኔውን ማህተም ያለው ግልባጭ መዝገቡን ለያዘው ፖሊስ ያድርሱ፤ የገቢ ቁጥር ይቀበሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው መሰረዙን ያረጋግጡ። የፌዴራል ጉዳይ ከሆነ የሚኬደው ወደ ፌዴራል ፖሊስ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ፍርዱን እንዳልነበረ ይቆጥረዋል፤ በፍርዱ ምክንያት የመጣ ችሎታ ማጣትም ይቀራል። የአገር ውስጥ ፎርም «የተፈረደብህ አለ?» ሲል «የለም» ብሎ መጻፍ ከዚያ በኋላ ውሸት አይደለም። አዲስ ከባድ ወንጀል ከተፈጸመ ግን መሰየሙ ሊሻር ይችላል።

ትምህርቱና ቆጠራው ጎን ለጎን

እዚህ ጋ ጊዜውን አስሉት። የነርሲንግ ዲግሪ አራት ዓመት ነው። በቀላል እስራት የተቀጣ ሰው በወጣ ዓመት ቢመዘገብ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ጊዜው ሞልቶለታል፤ ገና ዋርድ ላይ ልምምድ እያለ ማመልከት ይችላል። በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ደግሞ ተመርቆ፣ ኤግዚት ኤግዛምና የላይሰንስ ፈተናውን ተፈትኖ እስኪወጣ ድረስ አምስተኛው ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ «መጀመሪያ ሪከርዴ ይጥራ፣ ከዚያ እማራለሁ» ብሎ አምስት ዓመት መቀመጥ ዕድሜ ማባከን ነው፤ «መጀመሪያ ልማር፣ ሪከርዱን በኋላ አስብበታለሁ» ማለትም ተመርቆ ሥራ አጥቶ መቀመጥ ነው። ቆጠራው ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሂድ።

መግቢያው ላይ የሚታየው በዋናነት የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት መንገድ አለ፦ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ለዲግሪ፣ የደብረ ብርሃን ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ ለሚማሩ። በደረጃ የተማረ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ይፈተናል። የዲግሪ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ከመቶ 50 አምጥቶ ማለፍ አለበት፤ ከዚያም ጤና ሚኒስቴር የሚያዘጋጀው የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ፤ እሱ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው። ሁለቱን ፈተናዎች የሚያምታታ ተማሪ አይጠፋም፤ የመጀመሪያው ዲግሪ ያሰጣል፣ ሁለተኛው ሙያውን ለመሥራት ያበቃል።

ፈቃዱ

ለምዝገባ የሚቀርበው የትምህርት ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕት፣ የፈተና ውጤት፣ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍና የጤንነት ማስረጃ ነው። ለፈቃዱ ወደ ክልሉ መዲና ባሕር ዳር ከመሄድዎ በፊት ደብረ ብርሃን ዞን ጤና መምሪያ ጠይቀው ምን እዚሁ እንደሚያልቅ ይወቁ፤ ከእኛ ዞን ባሕር ዳር ሩቅ ነው፤ አንድ ወረቀት ጎድሎ መመለስ ከባድ ነው።

ፎርሙ ላይ ስለ ፍርድ የሚጠይቅ መስመር ካለ፣ ያልተሰረዘ ፍርድ ያለበት ሰው እውነቱን ይጻፍ። ፈቃድ ሰጪ ማንኛውንም ፍርድ በአንድ ዓይን አያይም፤ የሚያስፈራው ከሥራው ጋር የሚነካካው ነው። ነርስ ምን እንደሚያደርግ አስቡት፦ ራሱን ስቶ የተኛን ሰው ልብስ ያወልቃል፣ የቤተሰቡን ገንዘብና ሞባይል ይረከባል፣ እንደ ሞርፊንና ፔቲዲን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች የተቆለፉበትን ሳጥን ቁልፍ ይይዛል፣ በማታ ተራ ብቻውን ከሕፃናት ጋር ያድራል። ስለዚህ የአደንዛዥ ዕፅ፣ የወሲብ ጥቃት፣ የስርቆት፣ በአቅመ ደካማ ላይ የተፈጸመ ጥቃት፣ የሐሰተኛ ሰነድ ፍርድ ከበድ ብሎ ይታያል። በወሰን ጠብ ወይም በሠርግ ቤት ግርግር የመጣ የአካል ጉዳት ፍርድ፣ በተለይ አሥር ዓመት ካለፈው፣ ሌላ ክብደት አለው። ይህ ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ማስረዳት ይቻላል ማለት ነው።

«ንጹሕ ክሊራንስ አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ያጋጥማል። ያለፈና የተከፈለበትን ወንጀል ለመደበቅ ተብሎ ሐሰተኛ ሰነድ መያዝ አዲስ ወንጀል ነው። የመሰየም ቆጠራውንም ያበላሻል፤ ምክንያቱም በመሐል አለመፈረድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ከዚህ የከፋ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር የለም።

ቅጥሩ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር የሚከብደው እዚህ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ እንደ እምነት ማጉደል፣ ስርቆትና ማጭበርበር ባሉ ወንጀሎች የተፈረደበትን ሰው ወንጀሎቹን በስም ጠቅሶ ይከለክላል፤ ሰው ሀብት ክፍሉም ከጤንነት ማስረጃው ጋር የፖሊስ ማስረጃ ይጠይቃል። በእነዚህ የተፈረደበት ሰው ሳይሰየም ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ቢያመለክት ኃላፊው ቢራራም መቅጠር አይችልም። መሰየሙ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፍርዱ ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን መስፈርት አንብበው ማመልከት ይችላሉ።

የአሻራ ማስረጃ ቀን አለው፤ ቀድመው አውጥተው ቢያስቀምጡት «አዲስ አምጣ» ይባላሉ። ከሥራው ማስታወቂያ ጋር ያውጡት። ለራስዎ ማረጋገጫ ብለው ግን መሰረዙ ከተነገረዎ በኋላ አንዴ ያሠሩት፤ ቀጣሪ ፊት ከመደንገጥ ያድናል።

የግል ክሊኒክ አንዳንዱ አሻራ አይጠይቅም፤ አንዳንዱ ደግሞ ከመንግሥት ይልቅ ይጠብቃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ተደብቆ የወጣ ነገር ያለ ብዙ ክርክር ያሰናብታል። ስለዚህ ያልተሰረዘ ፍርድ ካለና ከተጠየቁ፣ ራስዎ ቀድመው በጽሑፍ ይንገሩ። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጉዳዩ፦ ከዚህ ቀደም የነበረብኝን ፍርድ ስለማሳወቅ። በ2008 ዓ.ም. በወረዳው ፍርድ ቤት በአካል ጉዳት ማድረስ ወንጀል ጥፋተኛ ተብዬ በ8 ወር ቀላል እስራት ተቀጥቻለሁ። ቅጣቱን ጨርሻለሁ፤ ካሳውንም ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ ክስም ፍርድም የለብኝም። የውሳኔውን ግልባጭ፣ የመፈታት ማስረጃዬንና የካሳውን ደረሰኝ አያይዣለሁ።»

ምክንያት መደርደር፣ የተበዳይን ስም ማንሣት፣ «ልጅነት ነበር» ማለት አያስፈልግም። ቃለ መጠይቅ ላይ ቢነሣም ከደብዳቤው ያልበለጠ ይናገሩ። ረጅም ማብራሪያ የሰሚውን ጥርጣሬ ያበዛል።

ውጭ አገር ለሚያስቡ

ዲቪ የደረሰው ወይም በቤተሰብ የሚሄድ ነርስ አሜሪካ ላይ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች የፈቃድ ፈተና ይፈተናል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው። እዚያ ነገሩ ይለያል። አገር ቤት የተሰረዘ ፍርድ እዚያ የተሰረዘ ላይባል ይችላል፤ አንዳንዱ ፎርም «ተሰርዞም ቢሆን» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ «የለም» ከማለትዎ በፊት ጥያቄውን ቃል በቃል ያንብቡት። ብዙ ስቴቶች የሚጋሩት የጋራ ፈቃድም አለ፤ እሱ በከባድ ወንጀል የተፈረደበትን አመልካች አይቀበልም፤ የአንድ ስቴት ብቻ የሆነው ፈቃድ ግን በቦርዱ ግምገማ ሊሰጥ ይችላል። ቦርዱ የሚጠይቀው የውሳኔውን ሙሉ ግልባጭ፣ ቅጣቱ ያለቀበትን ማስረጃና በራስዎ የተጻፈ ማብራሪያ ነው። ከላይ የሰበሰቡት ማኅደር ያው ነው፤ የሚጨመረው ትርጉም ብቻ ነው። ትርጉሙን ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ያሠሩት፤ በውልና ማስረጃና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ቢያስፈልግ ዋናው የአማርኛ ግልባጭ አብሮ ስለሚጠየቅ፣ ከአገር ከመውጣትዎ በፊት ማህተም ያለባቸውን ሁለት ግልባጮች ይያዙ። አንዱን ለሚያምኑት የቤተሰብ ሰው ይተዉት። ከውጭ ሆኖ በውክልና አዲስ ግልባጭ ማስወጣት ወራት ይፈጃል።